ከግራሩ ላይ የሚያለቅሰው

ቄስ አድማሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሞ ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ ታሪካቸውን ከመሀል የሰማ ሁሉ «እንዲህ ያለም ቄስ አለ እንዴ?» እያለ ይነሳባቸዋልና። ቄስ ነበሩ፣ ገበሬ ነበሩ፣ ሳቂታም ነበሩ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ እንቅልፍ ይወዱ ነበር። ሚስታቸው እማዋይሽ «የኔን ሰውዬ ጎርፍ ቢወስደው እንኳ ጣና ደርሶ ነው የሚነቃው» እያለች ታሾፍባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

የሚያገለግሉባት ግራሮ አቦ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ አልቆ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከበሯ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው በበጋ ሽንብራና ጓያ፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ብቻ ነው የሚታየው። በቅጥሯ ውስጥ ጽድና ወይራ አለ፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ በምዕራብ በኩል፣ ያረጁ ግራሮች ቆመዋል፤ ስሟንም ያገኘችው ከእነሱ ነው። ቄስ አድማሴ ከግራሮቹ ላይ ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ማሩ ለቤታቸው፣ ሰሙ ለጧፍ።

ነገሩ የጀመረው በ1969 ዓ.ም. ነው። በግንቦት የነፍስ ልጃቸው የገላነሽን ባል ቢሻውን ሚሊሻ ብለው፣ ከሌሎች የአገሩ ጎበዞች ጋር በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱት። መጀመሪያ ለሥልጠና፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ጦርነቱ ወዳለበት። ገላነሽ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። «ወንድም ሆነ ሴት ስሙን እኔ በደብዳቤ እልካለሁ፤ እኔ ሳልልክ ማንም እንዳያወጣ» ብሏት ሄደ። ሰኔ አሥራ ስድስት ሴት ልጅ ወለደች። ደብዳቤው አልመጣም፤ ልጅቱም ስም ሳይወጣላት ከረመች።

እንግዲህ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ያን ዕለት ቄሱ የክርስትና ስም ያወጡላታል፣ ትቆርባለች፣ ከክርስቲያን ትቆጠራለች። ከዚያ በፊት ከሞተች ግን ፍትሐት የላት፣ ከቅጥሩ ውስጥ መቃብር የላት። ለዚህ ነው ሕፃን ታማ ለሞት ስታሰጋ፣ ቀኑ ባይሞላም፣ ቄስ ተሯሩጦ ካለችበት ሄዶ የሚያጠምቃት። ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ ቄስ አድማሴም አሳምረው ያውቁታል።

ነሐሴ ሃያ ስድስት፣ ልጅቱ ሰማንያዋን ልትሞላ አሥር ቀን ሲቀራት፣ ቄስ አድማሴ ከተዝካር ተመልሰው፣ ጠግበው፣ ጠላውም ትንሽ ሞቅ አድርጓቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጋድመዋል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። የገላነሽ ጎረቤት ይታይሽ ከእግር እስከ ራሷ ረጥባ ደረሰች። ልጅቱ ጡት ትታለች፣ ዓይኗን ገልብጣለች፣ ይድረሱልን ብላለች ገላነሽ፣ አለች።

«ተዝካር ውዬ እህል ቀምሻለሁ» አሉ ቄስ አድማሴ ከጋቢያቸው ሳይወጡ። «እህል ቀምሼ አላጠምቅም። ነገ ማልጄ እመጣለሁ በያት።»

ይታይሽ ምን ብላ ትከራከር? የመጣችበትን ዝናብ ይዛ ተመለሰች። እህል የቀመሰ ቄስ በሰላሙ ቀን አያጠምቅም፤ እውነት ነው። ለምትሞት ነፍስ ግን ሥርዓቱ ይላላል፤ ይህም እውነት ነው። ቄስ አድማሴን ያስቀራቸው እህሉ አይደለም፤ ጋቢው ነው። ዝናቡን አሰቡት፣ ጭቃውን አሰቡት፣ አንድ ሌሊት ምን አላት አሉና ተኙ። ልጅቱ ዶሮ ሳይጮህ ሞተች።

ማልደው ሲደርሱ የጠበቃቸው ልቅሶ ነው። ልጅቱን በነጠላ ጠቅልለው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከትልቁ ግራር ሥር ቀበሯት። ደወል አልተደወለም። ገላነሽ ደረቷን አልደቃችም፣ ፊቷን አልነጨችም፤ ጭቃው ላይ ቆማ ጉድጓዱ ሲሞላ አየች። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞር ብላ፣ እህል ቀምሰው ስለነበር ነው አይደል አባቴ፣ ብላ ጠየቀቻቸው። አዎ ልጄ፣ ሥርዓት ነው፣ አሏት። አመነቻቸው። የነፍስ አባቷ ናቸው፤ እሳቸውን ያላመነች ማንን ልታምን ኖሯል?

ለቅሶው የተሰማው ጥቅምት ላይ ነው፣ ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ሰው ጓያ ሲዘራ። ፀሐይ ጥልቅ እንዳለች ከግራሮቹ በኩል አንድ ድምፅ ይነሳል፤ ቀጭን፣ እልህ የያዘው፣ ቁርጥ የራበው አራስ ልጅ። ያለቅሳል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ከአንዱ ዛፍ ላይ ጀምሮ ከሌላው ላይ ይጨርሳል። ከዚያ በፊት አልነበረም ወይ ያለ ሰው ካለ፣ ምናልባት ነበረ። ግን ማን አዳምጦት ያውቃል?

ዘመኑ ደግሞ የሚያዳምጥ ሰው የበዛበት ዘመን ነበር። ከጎንደር የሚመጣው ወሬ ሁሉ የታፈሰ ልጅ፣ የጠፋ ልጅ፣ ተገኘ የተባለ ሬሳ ነው። ወረታ ላይ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ስለዚህ ለቅሶውን የሰማ ሁሉ የራሱን ሰው ሰማበት። ድንቅነሽ የሚሏት ባልቴት፣ ጎንደር የቀረው ልጄ ሕፃን ሳለ እንዲህ ነበር የሚያለቅሰው ብላ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በላቸው እንኳ፣ ጠመንጃውን አንግቶ «የአድኃሪያን ወሬ ነው» ሲል የሚውለው ሰውዬ፣ ከመሸ በግራሮቹ በኩል አያልፍም ነበር፤ በላይ በኩል ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባ።

ያልፈራች ገላነሽ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ምሽት ለቅሶውን ስትሰማ የደረቀ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አራሰው ይባላል። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ወተት በሽክና ይዛ ከትልቁ ግራር ሥር ትቀመጣለች። ለቅሶው ሲነሳ «መጣሁ እቴ፣ መጣሁ» ትላለች። ሲጨልም ሽክናዋን እዚያው አስቀምጣ ትመለሳለች፤ በማግሥቱ ባዶውን ታገኘዋለች። ድመት ይጠጣዋል ያላት ሰው የለም፤ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራታል? በኅዳር መጀመሪያ አንገቷ ቀጥኖ፣ እህል ሲሰጧት ለሽታው ያህል አፏ አድርሳ የምትመልስ ሆነች። ይታይሽ ለቄስ አድማሴ መጥታ፣ ይህች ልጅ ልጇን ልትከተል ነው፣ አንድ ነገር ያድርጉ አለቻቸው።

ምን ያድርጉ? ሊያደርጉ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ጠበል ረጭተዋል፣ በግራሮቹ መሀል ቆመው ዳዊት ደግመዋል። አንድ ምሽት ዳዊቱን እየደገሙ ቀና ቢሉ ከቅርንጫፉ ላይ ሁለት ዓይን አዩ፤ በያዙት ጧፍ ብርሃን እንደ ፍም የቀላ። መጽሐፋቸውን ጥለው ሮጡ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያ ይወዱት የነበረው እንቅልፍ ጥሏቸው ሄደ። ጋቢያቸውን ሲከናነቡ ዝናብ ይሰማቸዋል፣ በኅዳር። ጋቢውን ሲገልጡ ለቅሶው ይሰማቸዋል። እማዋይሽ፣ ምን ሆነሃል ብላ ስትጠይቃቸው፣ ዕድሜ ነው ይሏታል፤ ገና አርባ አምስት ዓመታቸው ነው። የሚያውቁትን ማን ይውሰድላቸው? ልጅቱ የምታለቅሰው በእሳቸው ነው። አጥምቀኝ እያለች ነው፣ ነገ ስላልካት ነው፣ እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ሌሊቱ ይነጋል።

በዚህ መሀል ነው መምህር ደሳለው የመጣው። ለወረታው ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዲያስተምር በዚያ ዓመት የተመደበ፣ ቀጭን፣ ብዙ የሚያወራና ባወራ ቁጥር ዘወር ብሎ ማን ሰማኝ የሚል ወጣት ነበር። ወሬውን ከተማሪዎቹ ሰምቷል። አንድ ዓርብ፣ የጧት ፈረቃውን ጨርሶ፣ ቄስ አድማሴ ቤት ድረስ መጣና የለቅሶውን ነገር አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል? ዓይኑ በብርሃን ይቀላል? መልሳቸውን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«አባ፣ ንብ የለቀቀው ቀፎ አለዎት?» አላቸው።

ነበራቸው። ከትልቁ ግራር ላይ የተሰቀለውን ንቦቹ ካቻምና ጥለውት ሄደዋል። በቀትር ወደዚያ ወረዱ። ደሳለው በካልሲው ዛፉ ላይ ወጣና ቀፎውን በገመድ አወረደው። ቄስ አድማሴ ክዳኑን ከፈቱ። ውስጡ ሦስት ነገር ድብልብል ብሎ በጅራቱ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ሁለቱ ብርሃኑን ሲያዩ ተፈናጠሩ፤ ከመሬት ተነስተው ከሰው ቁመት በላይ ዘለው ግንዱ ላይ ተለጠፉ፣ ወዲያው የሉም። ሦስተኛው ከቄሱ ጋቢ ውስጥ ገባ። ደሳለው ጋቢውን ጠቅለል አድርጎ ያዘው።

«ይኸው የሚያለቅሰው» አለ።

ከመዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ አመድማ፣ ጅራቱ ከቁመቱ የሚረዝም ፍጥረት ነው። ፊቱን ዓይን ብቻ ሞልቶታል። ጆሮው ስስ ቆዳ ነው፤ ሲፈራ እንደ ማራገቢያ ያጥፈዋል። ቄስ አድማሴ እንስሳ የሚለዩት በኦሪት ነው፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ንጹሕ፣ ሌላው ርኩስ። ይሄኛው ሰኮናም የለው፣ አያመሰኳም። ርኩስ ነው ብለው ሊጨርሱ ሲሉ እጁን አዩና ደሳለውን ጠየቁት። አይጥ ነው እንዴ? አይደለም አለ ደሳለው፤ ጥርሱ የአይጥ አይደለም። የድመት ዘር ነው? ድመት ጥፍሯን ሰውራ የምታወጣ ናት፤ ይሄ ግን ይመልከቱ፣ ጥፍሩ እንደ እኛው ዝርግ ነው፣ አውራ ጣቱም ከሌሎቹ ተለይቶ ይጨብጣል። ከኋላ እግሩ ሁለተኛ ጣት ላይ ብቻ አንዲት ሹል ጥፍር አለችው፤ ጠጉሩን የሚያክበት ናት።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ አድማሴ።

ደሳለው ተቸገረ። የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረውም። «ወገን ልበለው» አለ በመጨረሻ። «ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛ፣ ሰውም ጭምር አንድ ወገን ሆነው ይመደባሉ። ይሄም ከዚያው ወገን ነው። ፈረንጆቹ ጋላጎ ይሉታል።» ከዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል ቀጠለ። ወገኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አፍንጫቸው ደረቅ የሆነና አፍንጫቸው እንደ ውሻ እርጥብ የሆነ። እኛና ዝንጀሮ ከደረቆቹ ነን፣ ይህ ከእርጥቦቹ። የቅርብ ዘመዶቹ ሩቅ አገር ናቸው፤ በህንድ በኩል ሎሪስ የሚሉት አለ፣ በኮንጎ ጫካ ፖቶ የሚሉት አለ። እነሱ ጅራታቸው ከቁጥር የማይገባ፣ ቀስ ብለው በቅርንጫፍ የሚድሁ፣ ዝላይ የማያውቁ ናቸው። ይሄኛው ደግሞ ዝላይ ነው ሥራው። ቅርንጫፉ እንዳያዳልጠው እጅና እግሩን በሽንቱ ያረጥባል። ዓይኑ ከጉድጓዱ ውስጥ እምብዛም አይዞርም፤ ስለዚህ አንገቱን ነው እስከ ኋላ የሚያዞረው። ዓይኑ የሚቀላውም ከኋላው ብርሃን የሚመልስ እንደ መስታወት ያለ ነገር ስላለው ነው። የታች ጥርሱ ማበጠሪያ ነው፤ የግራር ሙጫ ይፍቅበታል፣ ጠጉሩን ያበጥርበታል። ማበጠሪያውን የሚያጸዳበት ደግሞ ከምላሱ ሥር ሌላ ትንሽ ምላስ አለው።

«ሁለት ምላስ?» አሉ ቄስ አድማሴ።

«ሁለት።»

ቄስ አድማሴ ፊታቸውን አዞሩ። ከመቃብሩ ጎን መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋሉት። ቢሆንም ሸክማቸው ወርዶላቸዋል። ልጅቱ አይደለችም። ከወር በላይ የሚያባንናቸው መዳፍ የማታህል፣ ሙጫ የምትፍቅ አውሬ ኖራለች። ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ፣ አይ ቄስ አድማሴ፣ ከግራሩ ግንድ ተደግፈው እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ደሳለው እንስሳውን በጋቢ አቅፎ እስኪነቁ ቆመ። ልጅቱ ግን ያው ሳትጠመቅ ነው የሞተችው፤ ይህን በዚያ ሰዓት አላሰቡትም።

ሲነቁ አገልግል አስመጡ፣ እንስሳውን ከተቱ፣ መምህሩን አስከትለው ወደ ገላነሽ ቤት ሄዱ። ያሰቡት ደግ ነገር ነው። ታየውና ይውጣላት፣ እህል ትብላ፣ ትዳን ብለው ነው።

ገላነሽ ከደጅ ተቀምጣ ጓያ ትለቅም ነበር። ተነስታ መስቀላቸውን ተሳለመች። ቄስ አድማሴ፣ ያ ከግራሩ ላይ የሚያለቅሰው ተገኝቷል ልጄ፣ እንስሳ ነው፣ እይው ብለው አገልግሉን ከፈት አደረጉላት። እንስሳው በብርሃኑ ታውሮ አንድ ጥግ ላይ ተጨማዷል። ገላነሽ ጣቷን ሰደደች። ጨበጣት፣ በአምስት ጣቱ፣ ጥብቅ አድርጎ። እሷም ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ጥፍሯን» አለች።

ደሳለው ደስ አለው። ተማሪ ዋናውን ነገር ሲያገኝለት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ዋናው ምልክት እሱ ነው እትዬ አለና ጀመረ፤ ድመትና ውሻ እንዲህ ያለ ጥፍር የላቸውም፣ በዚህም ምክንያት ወገኑ ከሰው ጋር ነው፣ ለቅሶው እንደ ሕፃን ስለሆነም ፈረንጆቹ የዱር ሕፃን እያሉ ይጠሩታል። ቄስ አድማሴ የኮቱን እጅጌ ጎተቱት። አልሰማቸውም።

«ወገኗ ሰው ነው?» አለች ገላነሽ።

«በአመዳደቡ፣ አዎ።»

ገላነሽ አገልግሉን አንስታ ከጭኗ ላይ አደረገች። የሚጨብጣትን ጣቷን አላስለቀቀችም። ከዚያ ወደ ቄሱ ቀና አለች፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ ብዙ ያሰበችበት ነው።

«አባቴ፣ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?»

ዓርብ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ቄስ አድማሴ አልቀመስኩም አሉ።

«እንግዲያው ያጥምቁልኝ።»

ቄስ አድማሴ መልስ አላጡም፤ አውሬ አይጠመቅም ማለት ይችሉ ነበር፣ ሥርዓቱ ከአፋቸው ላይ ነበር። ግን ያንኑ ሥርዓት አንድ ጊዜ እንደ ጋቢ ተከናንበውታል። የገላነሽን ዓይን አዩና እሷ ፊት፣ ከጓያው እብቅ ላይ፣ ቁጭ አሉ።

«ልጅሽ ይህች አይደለችም» አሉ። «ልጅሽ ሞታለች። ያልመጣሁት እህል ቀምሼ አይደለም። እህል ብቀምስም ማጥመቅ እችል ነበር፤ አውቅ ነበር። ዝናቡ አስጠልቶኝ፣ እንቅልፌ በልጦብኝ ነው የቀረሁት። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁሽ።»

ይህን ሁሉ ሲሉ ገላነሽ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ የእንስሳውን ጣቶች ከጣቷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፣ አገልግሉን ገለበጠችው። እንስሳው በአንድ ዝላይ ከጣሪያው ክፈፍ ላይ ወጣ፣ ከሣሩ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። እሷ አላየችውም። ቄሱን ነበር የምታየው።

«ማን ሊሏት ነበር?» አለች።

ቄስ አድማሴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አፈሩ፤ አስበውት አያውቁማ። የተወለደችበትን ቀን አስታወሱ፣ አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት።

«ወለተ ኪዳን» አሉ።

«ወለተ ኪዳን» አለች። ደገመችው፣ አፏ ውስጥ አሟሟችው። «አሁን ይሂዱልኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ገላነሽ ከግራሩ ሥር አልታየችም። እህል በላች፣ ጓያዋን አጨደች፣ ኖረች። ቢሻው ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ የተስፋው ደብዳቤም ቀረ። ቤተ ክርስቲያን አልቀረችም፣ ከቅጽሩ በር ሥር እየቆመች ታስቀድሳለች። የቄስ አድማሴን መስቀል ግን ዳግመኛ አልተሳለመችም። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ተራ ይዞ ሲሳለም፣ እሷ ለታቦቱ እጅ ነስታ በጎናቸው ታልፋለች። ሰው እንዳያይባት ብለው ቄስ አድማሴ እሷ ስትደርስ መስቀላቸውን ዝቅ ማድረግ ለመዱ።

መምህር ደሳለውን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው ከክፍል ጠሩት። ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ለቄስ አድማሴ «እንስሳ ነው» የሚላቸው ሰው ጠፋ። ሲመሽ ለቅሶው ይነሳል። ዝርግ ጥፍሩን ያስታውሳሉ፣ እርጥብ አፍንጫውን፣ ማበጠሪያ ጥርሱን፣ እየቆጠሩ ራሳቸውን ያሳምናሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ቆጠራው ያልቅና የሚቀረው ለቅሶው ብቻ ነው። አንዳንዴም በለቅሶው መሀል የደሳለውን ድምፅ የሚሰሙ ይመስላቸው ነበር።

በቅዳሴ መሀል የሞቱ ምእመናን በስማቸው የሚታሰቡበት ቦታ አለ። ቄስ አድማሴ እዚያ ሲደርሱ፣ ከተጠመቁትና ፍትሐት ከተደረገላቸው ሙታን ስም መሀል፣ በለሆሳስ «ወለተ ኪዳን» ማለት ጀመሩ። አይፈቀድም። ያልተጠመቀች ናት፤ ስሙም ከጓያ እብቅ ላይ የተሰጠ ስም ነው። ለማንም አልተናገሩም። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረጉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እየፈሩ።

ከጊዜ በኋላ ጆሯቸው ደከመ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጭራሽ ደወሉንም አይሰሙም ነበር። የማይሰማ ሰው ደግሞ ድምፁን አያውቀውም። በለሆሳስ የሚሉ መስሏቸው ይጮኻሉ፤ ዲያቆናቱም አፍረው አይነግሯቸውም።

በ1980 ዓ.ም. የመጋቢት አቦ ዕለት ሕዝቡ ከሜዳውም ከዳገቱም ተሰብስቦ ቅጽሩ ሞላ። ገላነሽን ሰው እየገፋ ከበሩ ሥር አንስቶ እስከ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ፊት አደረሳት። ቄስ አድማሴ ከሙታኑ ስም ደረሱና፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪያስተጋባ «ወለተ ኪዳን» አሉ። ገላነሽ ከነበረችበት አልተንቀሳቀሰችም። ቀጥለው ሌሎች ስሞች ጠሩ።

ከቅዳሴ በኋላ ከበሩ ቆመው ሕዝቡን ሲያሳልሙ ገላነሽ ተራዋ ደረሰ። ቄስ አድማሴ እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። እሷ እጃቸውን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው፣ ግንባሯን አስነካች፣ ተሳለመች፣ አንድ ነገርም አለቻቸው። ቄስ አድማሴ አልሰሙም። ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው፣ ምን አልሽ ልጄ፣ አሏት።

«ሰማሁ አልኩዎት» አለች ጮክ ብላ።

ቄስ አድማሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ መለሱላት።

«እኔም እሰማታለሁ ልጄ። አሁንም በየምሽቱ ታለቅሳለች።»